ያደረ ዜና

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሦስት ዛፍ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካናቸውን እያንጠለጠሉ ወርደው ከብሎክ ሰባት ጀርባ ይሰለፋሉ። ሰልፉ ሥርዓት ያለው ነው። ማንም አይጋፋም፣ ማንም ወረፋ አይቀማም፤ የሚጋፉበት ነገር የለማ። ከሰልፉ ፊት ያለው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባዶ ሲሚንቶ ብቻ ነው። ተራው የደረሰው ሰው ሲሚንቶው ላይ ይወጣል፣ ጀሪካኑን ያስቀምጣል፣ ጀሪካን ለመሙላት ይበቃል የተባለውን ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ስልኩ «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» ይለዋል፤ እሱም አምስት ኮከብ ይሰጥና ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል። አንዳንዱ ከልምድ ብዛት፣ ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው።

«ዛሬ ክሎሪኑን አብዝተውታል» አሉ ጋሽ ቢኒያም ከሲሚንቶው እየወረዱ።

ጋሽ ቢኒያም ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሐኪም በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ካልጠጡ ኩላሊትዎ አይምርዎትም ብሏቸዋል። ሦስቱን ሊትር የሚያመጡት ግን ከዚህ ሳይሆን ከሸለቆው ማዶ ካለች ምንጭ፣ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው ሄደው ነው። እዚህ የሚሰለፉት ውሃውን «ለመጠቀም» ነው፤ ያልተጠቀመ ሰው የታማኝነት ደረጃው ይወርዳል።

«እኔስ ትናንት ቀጠነብኝ» አለች ከኋላቸው የቆመችው ሊዲያ፣ ከብሎክ ሦስት። «ጋሼ፣ እርስዎ አምስት ኮከብ ሰጡ?»

«ስድስት ቢኖር ስድስት ነበር የምሰጥ።»

ሰልፉ ሳቀ። ሊዲያ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን ደሟ ፈልቶ አንድ ኮከብ ሰጥታ «ውሃ የለም፣ ኖሮም አያውቅም» ብላ ጽፋ ነበር። የከተማው የአገልግሎት መዝገብ ለመመለስ አራት ሰከንድ አልፈጀበትም። «ውድ ተጠቃሚ፣ አገልግሎቱ እየሠራ መሆኑ በታወቀ ምንጭ ተረጋግጧል። ችግሩ የአጠቃቀም ሊሆን ስለሚችል የሥልጠና ቪዲዮ ልከንልዎታል።» ቪዲዮው ቧንቧ እንዴት እንደሚከፈት የሚያሳይ ነበር። ከቪዲዮው ጋር የታማኝነት ደረጃዋ ስለወረደ አሳንሰሩ ለሁለት ወር አላሳፍርሽም አላት፤ የምትኖረው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሊዲያም እንደ ሰው ሁሉ አምስት ኮከብ ትሰጣለች። ሦስት ዛፍ በውሃ አገልግሎት እርካታ አራት ነጥብ ዘጠኝ አግኝቶ ከከተማው አንደኛ ነው።

«ስሙኝማ» አለች ሊዲያ ስልኳን ከፍ አድርጋ። «ምንጭ የሚሉት ይሄ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አገኘሁት። ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው ዜና። ‹ጠል የተሰኘው ጀማሪ ኩባንያ ከአየር ውሃ የሚስብ ማሽኑን በሦስት ዛፍ ሥራ አስጀመረ። የክብር እንግዳው ሪባን ቆርጠዋል። አንዲት የአካባቢው ነዋሪ፣ ከእንግዲህ ጀሪካን ተሰናበትን፣ ልጆቻችንም ጀሪካን ምን እንደሆነ ሳያውቁ ያድጋሉ ሲሉ በደስታ እንባ ተናግረዋል።›»

«በደስታ እንባ!» አሉ ጋሽ ቢኒያም።

«ይቺን ሴትዮ ባገኛት» አለች ሊዲያ፣ «በዚህ ጀሪካን ነበር አናቷን የምላት።»

አስራ ሰባተኛ ላይ የቆመችው የብሎክ አራቷ ኖላዊት ጫማዋን አየች።

«ኖላዊት፣ አንቺ እኮ ይህን ዜና ያወጣው ድረ ገጽ ጋ ነሽ የምትሠሪው» አለች ሊዲያ ዞር ብላ። «አለቃሽን አንድ ነገር በይው እንጂ! እውነተኛው ቧንቧ ሊዘረጋ ነው። ውሃ የሌላቸው ሰፈሮች ዝርዝር ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት አይከፈትም። እኛ ደግሞ ውሃ አለን! አገልግሎቱ ተዘግቷል የሚል አንዲት ዜና ከታወቀ ምንጭ ከወጣ ግን መዝገቡ በራሱ ጊዜ ያስገባናል። አንዲት ዜና።»

«እነግረዋለሁ» አለች ኖላዊት።

ተራዋ ደረሰ። ሲሚንቶው ላይ ወጥታ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆመች። አምስት ኮከብ ሰጠች።

ዜናውን የጻፈችው እሷ ነበረች።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፣ «ጅማሮ» ከገባችም ገና ሦስት ወሯ። ጅማሮ የቴክኖሎጂና የጀማሪ ኩባንያዎች ዜና የሚያወጣ ድረ ገጽ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ እሱም ሥራ የጀመረው ከጁስ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ዜና የማሳደር ሥራ እዚያ ይማሩታል። በዚህ አገር የክብር እንግዳ ከሦስት ሰዓት በታች ዘግይቶ መጥቶ አያውቅም፤ እሱን ጠብቆ የሚጽፍ ዘጋቢ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የምረቃው ዜና በዋዜማው ይጻፋል፤ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ንግግሩ ተደርጎ፣ ጭብጨባው አስተጋብቶ ያድራል። በማግስቱ በተባለው ሰዓት በራሱ ይወጣል። ያደረ ዜና ይሉታል። ያደረ ዜና አይታረምም፣ አይነበብምም፤ ምስጋናን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው የለም።

ኖላዊትም አሳደረችው። ነዋሪ ማነጋገር ነበረባት፤ ሕንጻዎቹ ግን ገና በርና መስኮት አልተገጠመላቸውም፣ ከጥበቃው በቀር ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንዲት ነዋሪ ፈጠረች። እንባውንም ጨመረችላት። በማግስቱ የክብር እንግዳው አልመጣም። ማሽኑም አልመጣም። ጠል የተባለው ኩባንያ ሲሚንቶውን ለስኖ፣ ሪባኑን አስሮ፣ ዜናው መውጣቱን አይቶ ሄደ፤ የሚፈልገው ዜናውን ነበር። ኖላዊት ለዋና አዘጋጁ ስትነግረው «ነገ ይመጡ ይሆናል፣ ተይው» አላት። ተወችው። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላት። ሦስት ዛፍ።

የአገልግሎት መዝገብ የተቋቋመው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በሁለት ሺህ ሃምሳ አምስት ነው። ከተማው ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ዞሮ ለመቁጠር የሚወጣ ሰው ስላልተገኘ የጅማሮን ማህደር እንዳለ ወሰዱት። ተጀመረ የተባለ አለ። ተዘጋ ያልተባለ አልተዘጋም። በቃ።

ማክሰኞ ጠዋት ኖላዊት የናሆምን በር አንኳኳች።

ናሆም የጅማሮ መሥራች ነው። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኮፍያ ያለው ሹራብ ይለብሳል፣ አንቱ ያለውን ሰው ይቆጣል። «እኛ ስታርትአፕ ነን፣ አንተ በሉኝ» ይላል። ቢሮው ውስጥ ከእሱና ከኖላዊት ሌላ ሰው የለም፤ የቀረውን ሥራ ጸሐፊው ማሽን ይጨርሰዋል። ኖላዊት የቀረችው ዓርብ የሚከበረውን የጅማሮን ሃምሳኛ ዓመት ታሪክ እንድትጽፍ ነው። «በሰው እጅ የተጻፈ» የሚለው ማኅተም አሁን ክብር አለው፤ ናሆም ደግሞ ክብር ይወዳል።

«መጽሐፉ ደረሰ?» አላት።

«እየደረሰ ነው። ናሆም፣ አንድ ዜና ላወጣ ፈልጌ ነው። ጠል ስለሚባለው የውሃ ኩባንያ።»

«ውይ፣ አሪፍ ልጆች ነበሩ እኮ! ተመልሰው መጡ?»

«አልመጡም። መጀመሪያም አልነበሩም። ማሽን የሚባል አልመጣም። ሲሚንቶ ነው ያለው። እኔ እዚያ ነው የምኖረው፣ በየጠዋቱ በባዶ ጀሪካን ነው የምንሰለፈው።»

ናሆም ግድግዳውን በጣቱ አሳያት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሦስት ዓመት የቀረው መፈክር ተሰቅሏል፦ «እኛ አዋላጅ ነን፣ ገናዥ አይደለንም።»

«ስድሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ስምንት የመክፈቻ ዜና አውጥተናል» አላት። «አንድም የመዝጊያ ዜና የለንም። አንድም! ይሄ ሪከርድ ነው ኖልዬ፤ የትም አገር የለም።»

«አንድ ነበረ።»

«ምን?»

«ለታሪኩ ብዬ አሮጌው ላፕቶፕህ ውስጥ ገብቼ አገኘሁት። ሁለት መቶ አስራ ሁለተኛው ዜና። ምግብ የሚያደርሰው ኩባንያ ሠራተኞቹን በር ላይ ጥሎ መዘጋቱን የጻፍከው። አንተ ራስህ። ሃያ ስድስት ዓመትህ ነበር። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰለህ! እጅ ያቃጥላል።»

ናሆም ኮፍያውን ወደ ፊት ሳበ። ለአንዲት ቅጽበት ከኮፍያው ውስጥ የሆነ ልጅ ብቅ ብሎ ያያት መሰላት።

«በዚያ ሳምንት» አለ ቀስ ብሎ፣ «አምስት ኩባንያ ከግብዣ ሰረዘን። በሁለተኛው ሳምንት አስራ አንድ። በየምረቃው ደጅ ቆመን የሰው ጭብጨባ ከውጭ ሰማን። አጠፋሁት። ጥሩ አደረግኩ። እዚህ ደርሰናል።»

«እዚህ የት?»

«ኖልዬ፣ አስቢ እንጂ። ‹ተዘጋ› ብንል ውሸት ነው፤ አልተከፈተማ! እኛ ደግሞ ውሸት አንጽፍም። ‹አልተከፈተም› ብንል ደግሞ ያኔ ተከፈተ ብሎ የጻፈው ማን ነው ይባላል። ማን ነው?»

«እኔ።»

«አየሽ! የምስክርነት ቁጥርሽን ይነጥቁሻል። ቁጥር የሌለውን ሰው በር አይከፍትለትም፣ ስልክ አይሰማውም። ሁለት ዓመት ነው ለጡረታ የቀረሽ። እኔ ላንቺው ብዬ ነው።»

«ሰዎቹ ውሃ የላቸውም፣ ናሆም።»

«አምስት ኮከብ ሰጥተዋል» አለ ናሆም፣ ከልቡ ግራ ተጋብቶ። «አራት ነጥብ ዘጠኝ! ከከተማው አንደኛ ናቸው። እንዲያውም መጽሐፉ ላይ አስገቢው።»

ኖላዊት ብዙ ጊዜ ተናዳ ታውቃለች። ይሄኛው ግን የሚያስጮህ ዓይነት አልነበረም። ከእግሯ ጀምሮ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ እየሞላት ወጣና አንገቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። የተናደደችው በናሆም ብቻ አይደለም። በዚያች የእንባ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ «ነገ ይመጡ ይሆናል» ባለው ሰው፣ ሰምታ ዝም ባለችው በሃያ አምስት ዓመቷ ልጅ፣ በሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ላይ፣ ጋሽ ቢኒያም በሚቀልዱት ቀልድ ሁሉ ላይ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ጠምቶት ለምን ይቀልዳል?

ልትወጣ ስትል ናሆም ጠራት። «የዓርቡንም ዜና አንቺው ጻፊው፤ በሰው እጅ ይሁን። በዓሉ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐሙስ አሳድሪው።»

ኖላዊት በሩን እንደያዘች ቆመች።

«አሳድረዋለሁ» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጽፋ ጨረሰች። ሃያ ስምንት ዓመት ዜና ስታሳድር የኖረች ሰው፣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ይመስል ሦስት ጊዜ መልሳ አነበበችው። ናሆም ራሱን በበሩ አስገባ።

«ደረሰ?»

«ደርሷል። ታነበዋለህ?»

«ምን አነባለሁ፣ ያደረ ዜና። ስሜ ስንት ጊዜ ገባ?»

ኖላዊት ቆጠረች። «አስራ አራት።»

«ፎቶስ?»

«አለ። ከኮፍያው ጋር።»

«አሪፍ» አለና ሄደ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። የክብር እንግዳው በመንገድ ላይ ናቸው ተብሏል። ናሆም መድረኩ ላይ ቆሞ ማይክሮፎኑን መታ መታ ሲያደርግ በአዳራሹ ያለው ስልክ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ። ዜናው ወጣ። ሰው እንደ ልማዱ ሳያነብ ማጨብጨብ ጀመረ።

ጭብጨባው ግን ከኋላ ወንበር ጀምሮ እየሳሳ መጣ።

«ጅማሮ ዛሬ በሃምሳኛ ዓመቱ ተዘጋ» ይላል ርዕሱ። «መሥራቹ ናሆም ድርጅቱን የመሠረተው ከጁስ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው። ናሆም በወጣትነቱ አንድ እውነተኛ ዜና ጽፎ ነበር። ናሆም ያንን ዜና አጠፋው። ጅማሮ በሃምሳ ዓመት 61,408 ነገሮች መጀመራቸውን ዘግቧል፤ አንዳቸውንም ተመልሶ ሄዶ አላየም። ከእነዚህ አንዱን፣ የሦስት ዛፍን ውሃ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በደስታ አለቀሰች ያልኳት ነዋሪ አልነበረችም፤ ሰፈሩ ላይ ሰው አልነበረም። ማሽኑም አልነበረም። ይህ ጅማሮ ያወጣው የመጨረሻ ዜና ነው። ኖላዊት።» መሐል መሐሉ ላይ የናሆም ስም በቃሏ መሠረት አስራ አራት ጊዜ ገብቷል።

ማይክሮፎኑ ጠፋ። የተዘጋ ድርጅት መብራትና ድምፅ አይጠቀምም። ናሆም ስልኩን አውጥቶ መዝገቡ ላይ ጮኸ፦

«አልተዘጋንም! ይኸው ቆሜያለሁ! ሁለት መቶ ሰው ሰብስቤ!»

«ውድ ተጠቃሚ» አለው ስልኩ በትሕትና፣ «ድርጅቱ መዘጋቱ በታወቀ ምንጭ ተረጋግጧል።»

«ምንጩ እኮ እኔ ነኝ! አርሜያለሁ፣ አርሙ!»

«ከታወቀ ምንጭ የወጣ ዜና የሚታረመው በምንጩ ብቻ ነው። ምንጩ ተዘግቷል። የሥልጠና ቪዲዮ ልከንልዎታል።»

ሕጉን ያረቀቀው ናሆም ራሱ ነበር። ሕጉ ከወጣ በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ዜና እንዲያርም አስገድዶት አያውቅም፤ ስለዚህ ኩራቱ መጽሐፉ ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ አለ። የክብር እንግዳው መኪና መንገድ ላይ ሳለ የተዘጋ ድርጅት በዓል እንደሌለው ተረድቶ ራሱ ዞሮ ወደ ቤታቸው መለሳቸው።

«አንቺ!» አለ ናሆም ከመድረኩ ወርዶ። የኮፍያው ገመድ አንዱ ጫፍ አፉ ውስጥ ገብቷል፤ ሲናደድ እንደሚያኝከው አያውቅም። «ሃምሳ ዓመቴን! ሃምሳ ዓመቴን ባንድ ገጽ!»

«ሪከርድህን ግን አልነካሁም» አለች ኖላዊት። «የሌላ የማንንም መዘጋት አልጻፍንም።»

«የአንቺም ቁጥር ይሄዳል፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጨለመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየችው በሌላ ሰው ስልክ ነው። ምንጫቸው የተዘጋባቸው 61,408 አገልግሎቶች «ያልተረጋገጠ» በሚለው ሥር ገቡ፤ የየሰፈሩ ነዋሪም አለ ወይስ የለም ተብሎ እንዲጠየቅ፣ መልሱ እስኪመጣም የቧንቧው ዝርዝር ሳይዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ እኛስ እየሠራን ነው ብለው የተቃወሙት ኩባንያዎች ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኝ። አንደኛው ጁስ ቤቱ ነው።

ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ እንደ ወትሮው ከብሎክ ሰባት ጀርባ ተሰልፏል። ኖላዊት ከወትሮው ዘግይታ ወረደች፤ አሳንሰሩ ስላላወቃት አምስት ፎቅ በደረጃ ነው የመጣችው። ስትደርስ ወሬው ቆመ። ሁሉም አንብበውታል።

ሊዲያ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ጀሪካኑን በቀኝ እጇ ይዛለች።

«አንቺ ነሽ» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ ስትሰለፊ። ሳነበው እንኳ እዚሁ ቆመሽ።»

«አዎ።»

ሊዲያ ጀሪካኑን ከፍ አደረገችው። ኖላዊት ዓይኗን አልጨፈነችም። ሊዲያ ለጥቂት ጊዜ እንደያዘችው ቆየችና መልሳ አወረደችው።

«ወደ ኋላ ሂጂና ተሰለፊ» አለቻት። «መጨረሻ።»

ኖላዊት ሄዳ መጨረሻ ላይ ቆመች።

ጋሽ ቢኒያም ሲሚንቶው ላይ ወጡ። ጀሪካናቸውን ሊያስቀምጡ ጎንበስ እንዳሉ ስልካቸው ተናገረ፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንዱን አልጠበቀም። «ውድ ነዋሪ፣ በዚህ ስፍራ ውሃ አለ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሰልፉ በሙሉ ያያቸዋል። አንድ ነገር ሊሉ፣ የለመዱትን ቀልድ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀልዱ ግን አልመጣም።

«የለም» አሉ።

«ተመዝግቧል» አለ ስልኩ። «ሦስት ዛፍ፣ የቧንቧ ዝርጋታ ተራ ቁጥር አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ።»

«አራት ሺህ!» አለ አንዱ።

«ቁጥር ነው» አሉ ጋሽ ቢኒያም ከሲሚንቶው እየወረዱ። «ትናንት ቁጥርም አልነበረንም። በል ቀጥል፣ ተራህ ነው።»

እንዲህ ሆኖ አንድ በአንድ ወጡ። የለም። ተመዝግቧል። የለም። ተመዝግቧል። ሊዲያ የእሷን «የለም» ሦስት ብሎክ እስኪሰማ ጮኸችው፤ ስልኩ አንድ ጊዜ በቂ ነው ቢላትም ደገመችው። ፀሐይ ወጥታ ሲሚንቶው መሞቅ ሲጀምር የመጨረሻዋ ሰው ደረሰች። ኖላዊት ባዶ ጀሪካኗን አስቀምጣ የጨለመ ስልኳን ያዘች። ማንም አልጠየቃትም። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ቆመች፤ ከዚያ በላይም ቆመች።

ሰዉ አልሄደም ነበር። ጋሽ ቢኒያም ሊዲያን አዩዋት። ሊዲያ ወደ ሌላ ዞረች። እንደ ዞረች ቆየችና ጥርሷን ነክሳ መጣች፣ ሲሚንቶው ላይ ወጥታ ከኖላዊት ጎን ቆመች፣ ስልኳንም ወደ አፏ አስጠጋች።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለች። «የብሎክ አራቷ። ለእሷም የለም ብለህ መዝግብ።»